የስዊድን መርዶ ኢስትሙር ላይ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዊንተር ነው። የማልረሳው መልኩን እንኳ ለማላውቀው ሽማግሌ በሰው ሳሎን ቁጭ ብዬ ስላለቀስኩ ነው።

እዚህ በስደት አገር፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሚስስ ካሪን የሚባሉ አሮጊት እንከባከባለሁ። የተወለዱት ስዊድን፣ ጫካ መሀል ባለች ትንሽ መንደር ነው። ስለሷ አውርተው አይጠግቡም። ድሮ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ሱቅ ነበራት። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ የሟች ደጅ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይጎዘጉዝ ነበር። ዛሬ ቤቶቹን የከተማ ሀብታሞች ገዝተዋቸዋል። ሰመር ላይ መጥተው "የገጠር ኑሮ እንዴት ደስ ይላል!" ይላሉ፤ ዶሮ ከጮኸ ግን ይከሳሉ። ዊንተሩን እዚያ የሚከርመው የሚስስ ካሪን ወንድም ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እሳቸው ተኝተው እያሉ የወንድማቸው ልጅ ከስዊድን ኮል አደረገች።

"አባቴ አረፈ፤ ንገሪልኝ" አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! የፒዛ ትዕዛዝ መሰላት?

የሴትዮዋ ልብ ደካማ ነው። ድንገት ብነግራቸው እጄ ላይ ይቀራሉ ብዬ ፈራሁና ለእማዬ ደወልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም! ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

በማግስቱ እነእማዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ሩቅ ካለው ከፒከሪንግተን ሳይቀር። የእማዬ ጓደኛ እትዬ ዘነበች ገና ከበሩ "ወይኔ ወንድሜ!" ብለው ደረታቸውን ደቁ። የሟቹን ስም የጠየቁኝ አልቅሰው ሲጨርሱ ነው።

ሚስስ ካሪን ግን ረጋ ብለው፣ "ከትናንት ወዲያ ሰምቻለሁ" አሉ። የመንደሩ ኦንላይን ግሩፕ ላይ አይተው ነው። ባለ ሰመር ቤቶቹ አንዳንድ የልብ ምልክት ለጥፈው ሲያበቁ፣ የሟቹን መኪና ማቆሚያ ማን ይውሰድ ብለው ይከራከራሉ።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኳቸው።

"እዚህ ማን ያውቀዋል ብዬ ልንገርሽ?"

ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት።

የቀብሩ ቀን "እነዚያን ሴቶች ጥሪልኝ" አሉኝ። ልጅቱ በቪዲዮ ኮል ቤተ ክርስቲያኑን አሳየችን። ቄሱ አሉ፣ ሳጥኑ አለ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ባለ ሰመር ቤቶቹ "መንገዱ በረዶ ነው" ብለው ቀርተዋል። እትዬ ዘነበች ባዶውን ወንበር ሲያዩ አልቻሉም፤ ጮኹ። ሌሎቹም ለቅሶውን ተቀበሏቸው። ቄሱ ደንግጠው ጸሎታቸውን አቋረጡ።

"አክስቴ፣ እነማን ናቸው?" አለች ልጅቱ።

"የመንደሩ ሰዎች" አሉ ሚስስ ካሪን።

የሰው ቀብር እንደረበሽን አውቃለሁ፤ ትንሽ ያሳፍረኛል። ዝም ብለን አይተን ብንዘጋው ኖሮ ግን የባሰ አፍር ነበር።