ለሐዘንተኛው የሰጠሁት ድምፅ

ባለፈው ዓርብ ጎረቤቴ ሰላማዊት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ፣ የተሰመረ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቤቴ መጣች። አዲስ ፓርቲ ሊመዘገብ ነው፤ ፊርማ ጎድሎባቸዋል። «ትንሽ ነው እትዬ፣ ገና መጀመሩ ነው። ሰዎቹ ግን ንጹሕ ናቸው» አለችኝ። ትልልቆቹን ፓርቲዎች በየተራ አይታ፣ ሁሉም አንገሽግሿት፣ በዚህኛው ተስፋ አድርጋለች። ፊቷን ሳየው ደከመኝ። ያደከመችኝ እሷ አይደለችም፣ የራሴው ነገር ነው። «ማክሰኞ ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለአንድ ፊርማ የአራት ቀን ቀጠሮ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ምን ይባላል?

ነገሩ የቆየ ነው። እዚሁ ቢቸና ጀማሪ መምህርት ሳለሁ አንድ ምርጫ ነበር። ያን ዓመት ሰው በትልልቆቹ ተማሮ ነበር። ገዥው ፓርቲ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ለውሃ ቧንቧ ቦይ ያስቆፍራል፤ ምርጫው ሲያልፍ ቦዩ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ከተቃዋሚዎቹ ትልቁ ደግሞ በሦስት መኪና መጥቶ፣ «ድምፅ ማጉያውን ማን ይያዝ» በሚል መድረክ ላይ እኛው ፊት ተጣላ። ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን «ከድጡ ወደ ማጡ» ይል ነበር።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ይትባረክ የተነሱት። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበቅሎም በእግርም ያልረገጡት ቀበሌ የለም፤ የማን ላም በወለደች በስንተኛ ቀኗ እንደታመመች እስከ ዛሬ ይነግሩሃል። የእድራችንም ዳኛ ነበሩ። የተወዳደሩበት ፓርቲ ስሙ ረጅም፣ አባሉ ጥቂት፣ የምርጫ ምልክቱ በርጩማ ነበር። የገዥው ፓርቲ ሰዎች «እንግዲህ ፓርላማ የራሳችሁን መቀመጫ ይዛችሁ ልትሄዱ ነው» እያሉ አሾፉብን። የጋሽ ይትባረክ ንግግር ግን አጭር ነበር። «መንገድ እሠራላችኋለሁ አልልም። ሄጄ ችግራችሁን እናገራለሁ። ተመልሼ ደግሞ የተባልኩትን እነግራችኋለሁ» ይሉ ነበር፤ በቃ። ሄዶ የተመለሰ፣ ተመልሶም የተባለውን የነገረን ሰው አይተን አናውቅምና፣ ይህቺ ትንሽ ቃል አንጀታችን ገባች። እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ የፓርቲው ታዛቢ ለመሆን ተመዘገብኩ።

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሞጣ ነበር። ቅስቀሳው ሊያልቅ ሲል ፖስተር ላመጣ ሄድኩ። ግንቦት ነው፤ የታረሰው መሬት ቀልቶ ዝናብ ይጠብቃል፣ አቧራው በቅጥቅጡ አውቶቡስ ወለል ሳይቀር ይገባል። ግንደወይን ላይ ጎማ እስኪነፋ ቆምን። የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ ገዝቼ፣ አጠገቤ ከተቀመጡ ገበሬ ጋር ተካፈልን። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው «በርጩማዋ ናት? እሷ እንኳ ሳትሻል አትቀርም» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት መሳይ ነገር በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሰማሁ። ደስታው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የአገሬ ሰው ሁሉ ዘመዴ መስሎኝ አያውቅም።

ጽሕፈት ቤቱ ለካ የሐጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ነው። ሐጂ በአባት በአያታቸው ሞጣ የነገዱ ሰው ናቸው፤ ፖስተሮቹን አቡጀዲ በሚጠቀለልበት ወረቀት አስረው ጠበቁኝ። ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አስቀዱልኝ። እኔም እየጠጣሁ፣ «ሐጂ፣ እርስዎን ይህ ነገር ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «ትልቅ መደብር አኩርፈሽ ብትቀሪ ማንም አያውቅልሽም። ትንሽ ሱቅ ግን አንድ ደንበኛ ሲቀርበት ያስታውቀዋል። ወላሂ፣ ይህ ፓርቲ አንድ ሰው ሲጎድልበት ያመዋል። እኔ የሚያመውን ነው የፈለግኩት።»

ይህን ቃል እንደ ዳዊት እየደገምኩ ቢቸና ገባሁ። የመጨረሻውን የምረጡን ሰልፍ ለረቡዕ ቆረጥን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን እማሆይ ጥሩነሽ አረፉ።

እማሆይ የገዥው ፓርቲ ዕጩ፣ የአቶ ደምሴ እናት ናቸው። ቢቸና በገባሁ ዕለት፣ ማረፊያ ሳላገኝ ቆሜ ሲያዩኝ እጄን ይዘው ቤታቸው አስገብተው ያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ከተማው ውስጥ ከእጃቸው ያልበላ አዲስ ሠራተኛ አልነበረም። ጋሽ ይትባረክ ሬሳው ሳይገነዝ ሰልፉን ሰረዙ። «ልቅሶ ባለበት ከተማ ቅስቀሳ ነውር ነው» አሉና፣ የእድሩን ድንኳን ራሳቸው አስተከሉ። ረቡዕ ሰልፉ ሊደረግበት በነበረው ሰዓት ቃሬዛውን ከፊት ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየኋቸው፤ የባላንጣቸውን እናት ተሸክመው።

ቅዳሜ ልቅሶ ልደርስ ሄድኩ። አቶ ደምሴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጺማቸው አድጓል፣ ጋቢያቸው ወደ አንድ በኩል ወርዷል። ያ በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው ሰው የት ሄደ? ቀና ብለው አዩኝ። «መጣሽልኝ መምህርት? ትወድሽ ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴን ቀበርኩ፤ ነገ ደግሞ እናንተ እኔን ትቀብሩኛላችሁ። ምን ይደረጋል፣ ያለ ነው።» ንፍሮዬን በመዳፌ ጨበጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት «ባንድ ሳምንት ሁለት ሐዘንስ ግፍ ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሌሎቹም መጠጡ። አቶ ደምሴ ያን የተናገሩት አስበውበት ይሁን ከልባቸው አምልጦ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ክፉ ሰው አልነበሩም።

እሑድ፣ በምርጫው ቀን፣ የመራጩ ሰልፍ ረጅም፣ ጸጥ ያለ ነበር። ተራዬ ደርሶ ከካርቶኑ ከለላ በስተጀርባ ገባሁ። በርጩማዋ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበረች። እስክሪብቶዬን አስጠጋሁ። የእማሆይ ቤት፣ የወረደው ጋቢ፣ «ትቀብሩኛላችሁ» የሚለው ቃል ሁሉም መጣብኝ። ጋሽ ይትባረክ እንደሆኑ በሙሉ ድምፅ ማለፋቸው አይቀርም፤ ለሐዘንተኛው አንዲት ድምፅ ብሰጠው፣ ምስኪን ጨርሶ እንዳይዋረድ፣ ምን ይጎዳል? አልኩ። ምልክት አደረግኩ፤ አጠፍኩ፤ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩ። ቀሎኝ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ጽድቅ የሠራሁ ያህል ነው የቀለለኝ። ከዚያም የታዛቢ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማምሻውን ወረቀቱ እየተገለጠ ሲቆጠር እኔ እዚያው ነበርኩ። ደምሴ። ደምሴ። ደምሴ። የአቶ ደምሴ ክምር ሲያድግ መጀመሪያ ማጭበርበር ነው ብዬ ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አልነቀልኩም። ማጭበርበር አልነበረም። ሰዉ ሁሉ እንደ እኔ አስቦ ነው። እያንዳንዱ ጋሽ ይትባረክን ለሌላው ትቶ፣ እሱ ልቅሶ ደርሶ ሄዷል። በእኛ ጣቢያ በርጩማዋ ያገኘችው አስራ አንድ ነው። በሌሎቹም ጣቢያዎች ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። በኋላ «ድምፃችን ተሰረቀ» የሚሉ ሰዎች ሲነሱ፣ ምነው እውነት በሆነ እል ነበር። ቢሰረቅ ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ከሥራ መልስ ሰዉ ጋሽ ይትባረክ ቤት ጎረፈ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ልቅሶ እንደሚደረስ ዝም ብሎ ተሰበሰበ። አንዱ ለምዶበት «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ገባ። «ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ይትባረክ። የሳቀ የለም። ከዚያ በየተራ እየተነሱ «እኔ እንኳ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ»፣ «የእኔን አግኝተዋል» ይሉ ጀመር። እኔም ተራዬ ሲደርስ «ጋሼ፣ የእኔን አግኝተዋል» አልኩ። ጉልበታቸውንም ስሜ ወጣሁ።

አቶ ደምሴ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ተመልሰው የተባሉትን አልነገሩንም። በዓመቱ ያቺ ትንሽ ፓርቲ ፈረሰች፤ የሐጂ ኑሩ ጓዳ እንደ ቀድሞው በጨርቅ ተሞላ። ሰዉም «ድሮም ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ አረፈው። በራሱ እጅ የጣለውን ሰው ግን ስሙን አያነሳም።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ይትባረክ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ደከም ቢልም ልባቸው ደህና ነው። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምራታቸው ሻይ አስቀመጠችልንና ወደ ጓዳ ገባች።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ድምፄን ለእርስዎ አልሰጠሁም። ለአቶ ደምሴ ነው የሰጠሁት፤ አሳዝነውኝ» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ነው፤ እስቃለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል ብዬ ነበር የሄድኩት።

«አንቺም?» አሉኝ።

ብርጭቆውን አነሱና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «ከጣቢያችሁ አስራ አንድ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ያን ሰኞ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ ያለኝ ከእናንተ ጣቢያ ብቻ ሠላሳ ይሆናል። ውሸታሙን ከእውነተኛው ስለይ ከርሜ፣ ከዚያም ተውኩት። አንቺን ግን ሁልጊዜ አንድ ብዬ ከአንቺ ነበር የምጀምረው።»

አፈርኩ። ወሬ ልቀይር ብዬ ስለ ሰላማዊት ነገርኳቸው፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቀጠሮው። እያዳመጡኝ መሆናቸውን እንኳ አላወቅኩም ነበር።

«በምርጫው ቀን ትመርጫቸዋለሽ?» አሉኝ።

«እንጃ ጋሼ።»

«እንግዲያው አትፈርሚላት» አሉኝ። «ልጅቷ ትቆጥርሻለች።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ከትናንት ጀምሮ ይህን ቃል አወጣለሁ አወርዳለሁ። ያኔ የጎዳኋቸው አንድ ድምፅ በመንፈጌ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የጎዳኋቸው ይህን ሁሉ ዓመት በሐሰት ተቆጥሬ ነው። ነገ ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ከፈረምኩ፣ ማንም ቢሞት፣ ማንም ቢያሳዝነኝ፣ በምርጫው ቀን እጄ ወዴት እንደሚሄድ ከአሁኑ መቁረጥ አለብኝ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ያለኝ አይመስለኝም፤ የለኝም ብዬ ፊት ለፊት ልነግራት ግን ይገባኛል።