የእናቴ የየካቲት ሕመም

የረጠበ ነጠላ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ሲደርቅ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ሳሙና አይሸትም፤ ጥጥም ብቻ አይሸትም። ትንሽ የሐይቅ ሣር፣ ትንሽ ዓሣ፣ ትንሽ የሞቀ ድንጋይ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት፣ ሐኪሙ ለደም ግፊትሽ በእግርሽ ሂጂ ብሎኝ በጣና ዳር ቀስ እያልሁ ስሄድ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጥባ ጥቁር ድንጋይ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ሽታው ሲደርሰኝ ቆምሁ። ሴትዮዋ "ምነው እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" ብላ ተነሣችልኝ። "ኧረ ደኅና ነኝ" አልኋት፤ እንባዬ ግን ይወርድ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳት? እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ ትታመም ነበር። ጊዜውን አትስተውም። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የጥር በዓላት አልፈው የካቲት ሲገባ፣ ልቧን መውጋት ይጀምራታል። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፤ ድምፅዋን ቀነስ ታደርጋለች፤ ወጡን እያማሰለች "ወይኔ ጎኔን" ትላለች። ያኔ አባቴ ከሥራ ይመጣል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ፈረቃ አለቃ ነበር፤ ሸዋ ተወልዶ ለሥራ ባሕር ዳር የመጣ፣ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ የማይጠፋ፣ ቤት ውስጥም ማሽኑ የሚጮህበት ይመስል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና እናቴን አይቶ ወደ እናቱ ይዞራል። "ሐኪሙ ጠበል ትግባ ብሏል" ይላል። አያቴ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖሩት። "ሐኪም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጠበል የሚያዝዘው?" ይላሉ። "የዘንድሮ ሐኪም እንዲያ ነው፣ እማዬ" ይላል አባቴ። በዚያው ያልቃል።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እናቴን ተቀምጣ ማየት ግን አይወዱም ነበር። ገና ወገቧን ስታሳርፍ "እስቲ ያን ነገር" ይሏታል፤ ያ ነገር የትኛው እንደሆነ ደግሞ እናቴ ታውቃለች። አምስት ልጆች ነበርን። የአባቴ ፈረቃ ሲቀያየር ምሳው ቁርስ፣ እራቱ ምሳ ይሆናል፤ ከሸዋ ዘመድ ይመጣል፤ ቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። እናቴን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ለጎረቤቱ የታላቅ ወንድሜ እናት ናት፣ ለአያቴ "አንቺ" ናት፣ ለአባቴ "ስሚ" ናት።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ ታማሚ ያለ አስታማሚ አይሄድም ተብሎ እኔ ተከተልኋት። እስከዚያ ድረስ በእውነት የታመመች ይመስለኝ ስለ ነበር፣ ጀልባው ላይ እንዳትሞትብኝ ክንዷን አጥብቄ ይዤ ፊት ፊቷን አያት ነበር። በዘንቢል በሶና ሽምብራ ይዘናል። ከተማው፣ ዘንባባዎቹ፣ የፋብሪካው ጣሪያ ወደ ኋላ እየቀሩ ሄዱ። እናቴ መጀመሪያ አንገቷን ቀና አደረገች። ቀጥላ ጎኗን ደግፋ የያዘችበትን እጅ አወረደች። ከፊታችን ደኑ መታየት ሲጀምር ሻሿን ፈትታ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው።

"ዳንሽ እንዴ?" አልኋት ደንግጬ።

"የሐይቁ ነፋስ ይስማማኛል" አለችና ሣቀች።

ጠበሉ በሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ከሸፈነው ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። ሴቶች የሚያድሩበት አንድ ረጅም የሣር ቤት አለ። ጉዝጓዙ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ብርሃን ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይገባል፤ ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ገና ከደጁ ሳንደርስ፣ ከመሸንቲ የመጡ አንዲት ሰፋ ያሉ ቅቤ ነጋዴ ከሩቅ ተጣሩ።

"አንቺዬ መጣሽ! ዘንድሮስ ምንሽን ነው?"

"ጎኔን ነው።"

"አምና ልብሽን አልነበር?"

"ልቤማ ዳነልኝ፤ ወደ ጎኔ ወረደ።"

የሣር ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ግማሾቹ ሴቶች እንደ እናቴ ጤነኞች ነበሩ።

የታመመ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። በቃሬዛ የመጡ፣ ዐይናቸው የጠፋ፣ በሰንሰለት የታሰሩም ነበሩ። እናቴና ጓደኞቿ ለነሱ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልብሳቸውን ያጥባሉ፤ በማለዳ ተነሥተው አብረዋቸው ይጠመቃሉ። በጸሎታቸው ሐሰት አልነበረበትም፤ ሐሰቱ ሕመማቸው ላይ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የአገሬን ሴት ከቤቷ የሚያስወጣት ለቅሶ፣ ገበያና ጠበል ነበር። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ተኝተሽ የምትውይበት ጠበል ብቻ ነው።

ከተጠመቁ በኋላ ቀኑ የነሱ ነው። ነጠላቸውን ድንጋይ ላይ አስጥተው ሽምብራ እየቆረጠሙ ባሎቻቸውን ያማሉ፤ ጸጉር ይሠራራሉ። እናቴ ግን መጀመሪያ ተኛች። ቤት ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት የምትነሣ ስለሆነች፣ ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ረፋዱ ላይ አፏን ከፈት አድርጋ ስታንኮራፋ አጠገቧ ተቀምጬ ዝንቡን እሽሽ እልላት ነበር። ነቅታ ስታየኝ "ማን መጣ?" ትላለች። "ማንም" እላታለሁ። ዞር ብላ ደግሞ ትተኛለች።

እናቴ የዚያው የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። አባቷ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር ይሸጥ ነበር። እሷም ሳትዳር በፊት አብራው ትቀዝፍ እንደ ነበር በወሬ ሰምቻለሁ፤ አላመንሁም እንጂ። መመለሻችን ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ እንጨት የሚያመላልሱትን ሽማግሌ ታንኳቸውን እንዲያውሷት ለመነቻቸው።

"ሴት ልጅን ከታንኳ ምን አገናኛት?" አሉ።

"አባቴ፣ እኔኮ ሴት ሳልባል በፊት ቀዛፊ ነበርሁ" አለቻቸው።

ሽማግሌው ሣቁና ሰጧት። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከደንገል በተሠራችው ታንኳ ላይ ተቀመጠች፤ የቀርከሃውን መቅዘፊያ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያስገባች ሄደች። እኔ ዳር ላይ ቆሜ አለቀስሁ። እየራቀች፣ እያነሰች ሄደች። ከዚያ በውኃው ላይ ድምፅ መጣ። የገዛ ስሟን ነበር የምትጣራው፤ ደጋግማ፣ ጮክ ብላ፣ ከቤት የጠፋ ሰው እንደሚጠራ። የመሸንቲዋ ሴትዮ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። "ተያት፣ ልጄ። ትጥገብ" አሉኝ።

ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጸጉሯ ተፈትቷል፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሯል፤ ፊቷ ቀልቷል። አጠገቤ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ራሷ እየተገረመች እንዲህ አለችኝ፤ "ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንዳችሁም ትዝ አላላችሁኝም። አባትሽም፣ ወንድሞችሽም፣ አንቺም። ባዶ እጄን ዋልሁ።"

ያኔ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ዛሬ ግን የሷን ዕድሜ አልፌ ስሄድ ያን ቃል እንደ ጌጥ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ሲደክመኝ ለልጆቼ "ጥቂት ቀን ወጣ ልበል" እላለሁ፤ ራሳቸው በስልካቸው ማረፊያ ይፈልጉልኛል። ልብ ይወጋኛል፣ ጎን ያመኛል ማለት የለብኝም። በደረስሁበት ሁሉ ግን መጀመሪያ የማስበው እሷን ነው፤ ያን ቀን ማረፏም ያናድደኛል፣ ከዚያ በኋላ አለማረፏም ያናድደኛል።

ታንኳ በቀዘፈች በማግሥቱ አባቴ መጣ። እሱ ጠበሉ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ከጀልባው ሲወርድ የፋብሪካ ካኪውን እንደ ለበሰ ነው። እናቴ ገና ከሩቅ ስታየው ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና "ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም።" ያ ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው ድምፁ አልሰማ አለኝ። "ትልቁን ልጅ ትናንት አፈሱት። ገበያ ልኬው ነበር፤ ብስክሌቱን ጎረቤት አመጣልኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ጭነው ወስደዋቸዋል።"

"ትናንት?" አለች እናቴ። "ትናንት መቼ?"

"ከቀትር በኋላ።"

እዚያው እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ጀልባው ላይ ሻሿን ከዘንቢሉ አውጥታ መልሳ አሰረችው። በዚያን ቀን በእውነት ራሷን አሟት ነበር።

አባቴ ያልረገጠው ቢሮ አልቀረም፤ ልጁ ወደ ሰሜን ሄዷል ከማለት በቀር የሚነግረው ግን አላገኘም። እናቴ አታለቅስም ነበር። ዝም ብላ ትሠራለች፤ አያቴ ሳይቀሩ "እስቲ ተቀመጪ" እስኪሏት ድረስ ትሠራለች። አንድ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ድንገት ቀና ብላ፣ ብስክሌቱን ለሚወለውለው አባቴ ተናገረች።

"ልጁን ያስወሰድሁት እኔ ነኝ። ሳልታመም ታመምሁ እያልሁ በጠበል ቀለድሁ። በላዩ ደግሞ ልጆቼ ትዝ አላሉኝም ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ሰማኛ!"

አባቴ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። "እንዳልታመምሽ አውቃለሁ" አላት።

"ምን አልህ?"

"ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። ሐኪም ቤት መቼ ወሰድኩሽና ነው ሐኪም ያዘዘልሽ? ለእናቴ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እንድታርፊ ብዬ ነው። ቅጣት ከሆነ ለሁለት እንካፈለው።"

እናቴ እጇ ከነአረፋው ብዙ ጊዜ አየችው። ያን ያህል ዓመት አብራው ስትኖር እንደዚያ ስታየው አላየሁም። በኋላ ግን ራሷን ነቀነቀች። "አንተ የዋሸኸው ሰውን ነው። እኔ የዋሸሁት እግዜርን ነው" አለችና ወደ ልብሱ ጎንበስ አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠበል ሄዳ አታውቅም። የካቲት ሲመጣ አባቴ ይለማመጣታል። "ምነው ዘንድሮ፣ ጎንሽን አላመመሽም? ልብሽስ?" ይላታል። "ድኛለሁ" ትለዋለች። የመሸንቲዋ ሴትዮ ቅቤ ይዘው ብቅ ሲሉ "ኧረ አንቺዬ፣ የሣር ቤቱ ያላንቺ ቀዘቀዘ" ይሏታል። "ድኛለሁ" ትላለች። አያቴ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ "እስቲ ሂጂ፣ ቤቱን እኔ አያለሁ" ብለዋት ነበር። መልሷ ያው ነበር። ከወንድሜ በኩል ምንም ወሬ የለም፤ አለም፣ ሞተም የሚል ሰው አልተገኘም።

ከዓመታት በኋላ የእውነቱ ሕመም መጣ። ሆዷ ውስጥ ነው አሉ። የባሕር ዳሩ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላካት፤ የአዲስ አበባው ወደ ቤቷ መለሳት። ጠበል እንውሰድሽ ስንላት እንቢ አለች። "በየትኛው ፊቴ?" አለችን። "ደኅና ሳለሁ ታመምሁ ስል የኖርሁ ሴት፣ ዛሬ ታመምሁ ብል ማን ያምነኛል?"

አባቴ አልተከራከራትም። በጀልባ ሄዶ ከዚያው ጠበል በጀሪካን ቀድቶ ተመለሰ። እሷ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ጀሪካኑን አጠገቧ አስቀመጠ፤ ኮቱን አወለቀ፤ ሸሚዙን አወለቀ። እኛም ጎረቤቱም እያየነው፣ ያ ኮስታራ የፈረቃ አለቃ በካናቴራ ከፊቷ ተንበረከከ። "አንቺ የፈለግሽውን በይ። እኔ ግን ታምሜያለሁ፤ አፍስሺልኝ" አላት። በጣሳ ቀድታ ራሱ ላይ አፈሰሰችለት። ብርዱ ሲያንዘፈዝፈው ሣቅ አመለጣት። ጣሳውን ተቀብሏት ወደ እሷ ሲያዘነብል ራሷን ዝቅ አደረገችለት። ውኃው ሕይወቷን አላተረፈልንም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ ሲመለስ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሜ በጎንደር መንገድ መጣ። ጺሙ አድጓል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። የእናታችንን ሞት መንገድ ላይ ሰው ነግሮት ስለ ነበር የት አለች ብሎ አልጠየቀም። ተቃቅፈን አለቀስን። ለቅሶው በረድ ሲል አባቴ ሁሉንም አጫወተው፤ የየካቲቱን ሕመም፣ ታንኳውን፣ እኔ ነኝ ያስወሰድሁት ማለቷን።

ወንድሜ የሚጎትተውን እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

"ከጫኑን በኋላ መኪናው ሳይነሣ ቆየ" አለ። "እናቶች ሰምተው እየሮጡ መጡ። አስፋልቱ ላይ ይንከባለላሉ፤ ጎማው ሥር ይተኛሉ፤ እየጎተቱ ያነሷቸዋል። አጠገቤ የነበረው ልጅ እናቱን ሲያያት ዐይኑን ጨፈነ። እኔም ሕዝቡ መሐል እማማን ፈለግኋት፤ እንዳላገኛት እየጸለይሁ ነው የፈለግኋት። ጠበል መሆኗ ትዝ ሲለኝ ተመስገን አልሁ። ከዚያ ወዲህ ምሽግ ውስጥ ሳስባት መሬት ላይ ወድቃ አይደለም የማያት፤ ውኃ ዳር ተቀምጣ ነው። እሱ ነው ያኖረኝ።"

ይህን ቃል እሷ ሳትሰማው መሞቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባቴ ወንበሩን ወደ ወንድሜ አስጠጋ። የሽመናው ማሽን ጆሮውን ጎድቶት ስለ ነበር ያልሰማው መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ሁሉንም ሰምቶታል።

"እስቲ እንደገና ንገረኝ" አለው።

ወንድሜም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።