ከሰማይ የታየ አሮጌ ወንዝ

ረቡዕ፣ ሲነጋጋ፤ ደብረ ብርሃን

መናኸሪያው ሳር ላይ ውርጩ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ረዳቱ «ሮቢት! ሮቢት! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ የቀረው ግን ግማሽ መኪና ነው። ሾፌሩ ከታች የመጣ ባልደረባውን «መንገዱ ሰላም ነው?» ሲለው፣ «ሰላም ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ነው» ይለዋል። እኔ ጋቢና ገብቼ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ።

የመኪናውን መሙላት እየጠበቅን ሳለ ለምን እንደምሄድ ላስረዳ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። በሳይንስ ክበባችን ማርስን የሚዞሩ መንኮራኩሮች የላኳቸውን ፎቶዎች ከተማሪዎቼ ጋር ማየት እወዳለሁ። ማርስ ላይ ዛሬ የሚፈስ ወንዝ የለም። መንኮራኩሩ ግን ከላይ ሆኖ ሲያይ እንደ ደም ሥር የተጠማዘዙ ደረቅ የውሃ መንገዶች ይታዩታል። እዚያው መሬት ላይ የቆመ ሰው ቢኖር ምናልባት የሚያየው ሜዳ ብቻ ነው። በጣም ሰፊ የሆነ ነገር ቅርጹ የሚገለጠው ሲርቁት ነው።

የእኛንም ፕላኔት እንዲሁ እየዞሩ የሚያነሷት ሳተላይቶች አሉ። ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት በታች ያለውን የአጎቴን መንደር በፎቶ ፈልጌ አገኘሁት። ከመንደሩ ወንዝ ተነጥሎ በማሾና በማሽላ ማሳዎች መካከል የሚያልፍ ጠቆር ያለ ቅስት አየሁ። ፎቶው የተነሳው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ዙሪያው ሲደርቅ ቅስቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥሩ እርጥበት አለ ማለት ነው። ወንዙ በአንድ ዘመን የተኛበት አልጋ መሰለኝ። ቅስቱ የሚያልፈው ደግሞ አጎቴ በቅርቡ ላገባው ልጃቸው ለሙሉጌታ ቤት ሊሠሩለት ባሰቡት ቦታ ላይ ነው። ትልቅ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውሃው በድሮ መንገዱ ሊመለስ ይችላል። ደቦው የተጠራው ለነገ ነው።

በስልክ ብነግራቸው አጎቴ ጋሽ ሽፈራው ከልባቸው ሳቁ። «እኔ ቆሜበት የማላየውን አንቺ ከሰማይ አየሽው?» አሉኝ። ስለዚህ ፎቶውን ወረቀት ላይ አትሜ ይዤ እየወረድኩ ነው።

ረፋድ፤ ጣርማ በር

ከዋሻው ስንወጣ ዓለም ከእግራችን ሥር ተከፈተ። ደመናው ከመንገዱ በታች ተኝቷል። ከደመናው በታች ደግሞ ይፋት ነው፤ በስስ አቧራ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። መኪናው ድምፁን ቀንሶ ቁልቁል ሲንሸራተት፣ ከማላውቀው ዓለም በላይ የምዞር ያህል ተሰማኝ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ። ከመስታወቱ ባሻገር አየሩ ድርብርብ ነው፦ ከላይ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከታች ገለባ የመሰለ።

ሾፌሩ ስለ ወረቀቱ ጠይቆኝ ስለ ሥራዬና ስለ ማርስ መንኮራኩሮች ነግሬው ነበርና፣ «መምህርት፣ አፈሩንስ ያያሉ እንበል። አየር ግን አይታይም፤ በምን ያጠኑታል?» አለኝ።

«በብርሃን» አልኩት። «ፀሐይ ከፕላኔቷ ጠርዝ ስትወጣ ብርሃኗ አየሩን ሰንጥቆ ወደ መንኮራኩሩ ይመጣል። እያንዳንዱ ጋዝ ደግሞ የራሱን ቀለም ይውጣል። የጎደለውን ቀለም አይተው ማን እንደዋጠው ያውቃሉ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ገባኝ! እንደ ትራፊክ ናቸው። አስተንፍሰው ምን እንደጠጣህ ይነግሩሃል» አለ።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ክፍል ውስጥ ሰጥቼ አላውቅም።

ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ስንቆም ከመንደሩ ፎቶ ጋር ጠቅልዬ የያዝኩትን የማርስ ፎቶ ለተሳፋሪዎቹ ዘረጋሁላቸው። ከኋላ የተቀመጡ እናት አንገታቸውን አስግገው፣ «ይኼ ከካራቆሬ በታች ያለው አይደል?» አሉ።

«አይደለም እትዬ፣ ማርስ የሚባል ሌላ ዓለም ነው።»

«ሰው አለበት?»

«የለም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ መሬት ማን ይጣላበታል?» አሉና ቆሏቸውን መቆርጠም ቀጠሉ። መኪናው በሳቅ ተሞላ።

ቀትር፤ ሸዋ ሮቢት

ሹራቤን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ከለበስኩት ሁሉ የቀረኝ ቀሚሴ ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያዎች፣ የፓፓያ ክምር፣ በጥላ ሥር አፋቸውን ከፍተው የተኙ ውሾች። ሙሉጌታ ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝና ጉንጬን ከመሳሙ በፊት ወረቀቱን አየ።

«አሁንም ከነካርታሽ ነሽ?»

«አሁንም።»

«አባባ ምሰሶውን አስቆርጧል። ጠላው ተጠምቋል። ሰዉ ሁሉ ተጠርቷል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቦታው ከሽንኩርት ማሳዬ አጠገብ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።»

ባጃጁ በአቧራው ውስጥ ይንሳፈፋል። ከላይ ያየሁትን አገር አሁን ከውስጡ ሆኜ ሳየው ምንም አይመስልም፤ ሜዳ፣ ገለባ፣ እንደገና ሜዳ። ቅስቱን ስፈልግ ባጃጁ ሳላውቀው አቋርጦት አልፏል።

አመሻሽ፤ የአጎቴ ደጅ

ጋሽ ሽፈራው ፎቶውን በማሾ ጆንያ ላይ ዘርግተው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ነጥብ ወርካዋ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔስ የታለሁ?» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የእሳቸው ጣት ግን ጥቁሩ ቅስት ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይኼን መሬት አባቴ አርሶታል፤ እኔም አርሼዋለሁ። ወንዝ ሲወጣበት አላየሁም።»

«እኔም ይመጣል አልልዎትም። መጥቶ ነበር ነው የምለው።»

አዲሷ ሙሽራ ስንዱ ምሰሶ ተደግፋ ስታዳምጥ ነበር። ታች ካልተሠራ የሚቀረው ቦታ ከመንደሩ በላይ ያለው ድንጋያማ ተረተር እንደሆነ ታውቃለች። «እህቴ፣ ቤቱ እላይ ከተሠራ ውሃው በማን ጀርባ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

ከሳተላይቱ ከፍታ ጄሪካን አይታይም።

እውነቷን ነበር። የእኔ ፎቶ ግምት ነው፤ የእሷ ሸክም ግን የየቀኑ ነው። ስለዚህ አጎቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ነገ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከወትሮው ጠለቅ አድርገን እንድንቆፍር። ማርስን የሚያጠኑትም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መንኮራኩሩ ከላይ ያየውን ለማረጋገጥ መሬቱን የሚጭር ተሽከርካሪ ያወርዳሉ።

«እንግዲህ ተሽከርካሪው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ይሁን፣ ይቆፈራል።»

ሐሙስ፣ ጠዋት

የደቦው ሰው ድጅኖና አካፋውን በትከሻው አድርጎ ይመጣል። ሙሉጌታ የመጀመሪያውን ጉድጓድ እራሱ ጀመረ። ጥቁር አፈር ወጣ። ጉልበቱ ድረስ ሲገባ ቡናማ አፈር ወጣ። ሰዉ «ይበቃል፣ ምሰሶ ነው የምናቆመው ወይስ ግመል የምንቀብረው?» እያለ ይቀልዳል። ሙሉጌታ ወደ እኔ አየና ቀጠለ።

ከወገቡ ሲያልፍ አፈሩ አሸዋ ሆነ። ከዚያ ድጅኖው ቂው አለ።

አካፋው ያወጣው ጠጠር ነበር፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ እንቁላል የመሰለ፣ አንዱም ስለት የለውም። ጋሽ ሽፈራው አንዱን አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በመዳፋቸው አገላበጡት። «ይኼን ያለሰለሰው ወንዝ ነው» አሉ፣ በቀስታ። ሌላ ጉድጓድ ራቅ ብሎ እንዲቆፈር አዘዙ። እዚያም አሸዋው፣ እዚያም ጠጠሩ ወጣ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሙሉጌታ ግን ከጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ወደ ሽንኩርቱ ሲያይ፣ ፎቶዬን ጠቅልዬ ከጀርባዬ ደበቅኩት።

ጋሽ ሽፈራው ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ለሙሽራ የቤት ቦታ የሚያሳያት እንጂ የሚጠይቃት የለም፤ እሳቸው ግን ዞረው፣ «ስንዱ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት።

ስንዱ ጠጠሩን አየች፣ ከዚያ ተረተሩን አየች።

«እላይ ይሁን» አለች።

«ውሃውስ?»

«ውሃውን ሙሌ ይቀዳል።»

ሳቁ ፈነዳ። «ጄሪካን አዝሎ ሊያሳየን ነው!» አለ አንዱ።

«አህያ እገዛለሁ!» አለ ሙሉጌታ፣ ከጉድጓዱ እየወጣ።

«አህያዋን ማን ይነዳታል?»

«እሱው ነዋ!» አለች ስንዱ።

እንጨቱን ሁሉ ተሸክመን ወጣን፤ እኔም የማገሩን እስር በአንድ ጫፍ ይዤ። ተረተሩ ላይ ድጅኖው በድንጋይ መካከል እየተፋጨ፣ ሰዉ እየተፈራረቀ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ቋሚዎቹ ቆሙ። ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም፤ ነፋሱ በመካከላቸው ያልፋል። ከታች ወንዙ እንደ ቀጭን ክር ያብለጨልጫል።

ጋሽ ሽፈራው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «በሩ ወዴት ይዙር?» አሉ። ይኼንንም የጠየቁት እሷን ነው።

ስንዱ በቋሚዎቹ መካከል ገብታ፣ ቤቷ በሚሆነው ባዶ ቦታ መሐል ቆመች።

«ወደ ወንዙ» አለች። «ሲመጣ ልየው።»