ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

መርሳ ከተማ የቀረሁት በጳጉሜን ምክንያት ነው። ቀልድ አይደለም። የምሠራው ልደት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ነው፤ የእኛ ኮምፒውተር የመዘገበውን የሚልከው ከበላይ ለመጣ ሌላ ፕሮግራም ነው። የዚያ ፕሮግራም ሠሪዎች ደግሞ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር አድርገውት አረፉ። በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ሲላክለት «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልሳል። የአገር ልጅ ጽፎት ጳጉሜንን መዝለሉ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ችግር ብልሃትን ይወልዳል፤ እኔም አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ መሐል ላይ አስቀመጥኩ። ጳጉሜንን ነሐሴ ሠላሳ አድርጋ ትልካለች፤ የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ እውነተኛውን ቀን ትመልስበታለች። ታዲያ የበላዩ ፕሮግራም በተነካካ ቁጥር የእኔዋ ስለምትበላሽ፣ የሚጠግናት ሰው እዚሁ መቀመጥ አለበት። ባለቤቴና ልጄ ደብረ ብርሃን ናቸው። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር ኃላፊዬ «አንተ ከሄድክ ጳጉሜንን ማን ያሻግረናል?» ይሉኛል፤ እየሳቁ።

ለሠሪዎቹ ደውዬ ነበር። «ከእናንተ ወረዳ እኮ አንድም ስሕተት አይደርሰንም» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ያኔ ገባኝ። ደባቂው እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ባለፈው ጳጉሜን ፕሮግራሜን አጠፋኋት። ሰው ይጩህ፣ ጩኸቱ ላይ ድረስ ይሰማ፣ ያስተካክሉት፣ እኔም ቤቴ ልግባ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ግራና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ አባት ነበሩ። የስተርጅና ልጃቸው በዚያው ሳምንት ተወልዳላቸው ፊታቸው በርቷል።

«አባቴ፣ ማሽኑ ጳጉሜንን አይቀበልም» አልኳቸው። «አቤቱታ ያቅርቡ፤ እኔ አግዝዎታለሁ።»

«ኧረ ተወው ልጄ! ነሐሴ ብለህ ጣፍልኝ። አላህ እንደሁ የተወለደችበትን ያውቃል።»

«ግን እኮ እውነት አይደለም።»

«አልጋ ሲያነክስ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ይደረግለታል እንጂ አናጢው ይከሰሳል?» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ያው ናቸው። አንዷ እናት እንዲያውም «መስከረም አንድ አድርግልኝ፣ ከዓመቱ ጋር ትደግ» ብላ ደስ አላት። የጮኸ የለም። ለካ ሰዉ ሁሉ ከእኔ በፊት ጀምሮ የሌላውን ጥፋት በራሱ ላይ እያቃና የሚኖር ነው። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሜን መልሼ ከፈትኳት፤ የሕፃናቱንም ቀን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ብቻዬን ነበርኩ።

ስወጣ መንገድ ዳር ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩ። ለአዲስ ዓመት እንደማልደርስ ነገርኳት። ድሮ እንዲህ ስላት ትቆጣ ነበር፤ ልጃችንም ስልኩን ነጥቃ ታለቅስብኝ ነበር።

«አይዞህ፣ አትጨነቅ» አለችኝ። «ዶሮውን ጎረቤታችን ያርድልናል፤ አምናም እሱ ነው ያረደው። ልጅቷም አባትሽ የት ነው ሲሏት መርሳ ነው ትላለች፤ ማልቀሱን ትታዋለች።»

ድምፅዋ ደህና ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ደህና መሆኑ ነው። ብትጮህብኝ ኖሮ በማግስቱ መኪና ላይ ነበርኩ።

«ሌላ ነገር አለ?» አልኳት።

«የለም፣ ሁሉም ሰላም ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።