ተቆጣጣሪው ያልመጣበት ማክሰኞ

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ያለበት ወረቀት በተሰጠኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም። ባለቤቴ ታደለ ይህን አመሌን «የቪዲኮን በሽታ» ይለዋል።

የምንኖረው ዙሪክ ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ታደለ ትራም ይነዳል፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን። ላንግሽትራሰ አካባቢ የተከራየነው ቤት ከሥሩ መጠጥ ቤት ስላለው የራሳችንን ቤት ስንፈልግ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ ቪዲኮን በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተገኘ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሳሎኑ በውስጥ ደረጃ ሲወጡ ደግሞ ጣሪያው ሥር ሌላ ሰፊ ክፍል አለው። ልጆቹ ገና እንዳዩት አልጋ የሚያደርጉበትን ቦታ ተከፋፈሉ።

የቤቱ ባለቤት ጄኔቫ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው ተባልን። አላየናቸውም። ሁሉን ነገር የሚያስፈጽመው የወንድማቸው ልጅ ነበር። ጥሩ የለበሰ፣ ሰው ሲጨብጥ በሁለት እጁ የሚይዝ ሰውዬ ነው።

ባንኩ የቤት ብድሩን ለመፍቀድ አንድ ወረቀት ጠየቀ። የጣሪያው ሥር ክፍል በኋላ የተሠራ ስለሆነ፣ እሳት ቢነሳ ሁለተኛ መውጫ እንዳለው የከተማው የእሳት ደህንነት ቢሮ ማረጋገጥ አለበት። ሰውዬው «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሁለት ወር ሊሞላ ሆነ። ታደለ ተናዶ ሌላ ቤት ልንፈልግ ነው ሲለው፣ ወረቀቱ በማግስቱ በኢሜይል መጣ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ሁለት ወር የጠፋ ወረቀት እንዴት በአንድ ቀን ይገኛል? ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ተቆጣጣሪው ቤቱን ያየበት ቀንም ተጽፏል። ያን ቀን አውቀዋለሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ከሰውዬው ቁልፍ ተቀብዬ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን የሚለካ አናጺ ስጠብቅ እዚያ ቤት የዋልኩበት ማክሰኞ ነው። አናጺው የመጣው ወደ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከእሱ በቀር በሩን ያንኳኳ አልነበረም።

ለታደለ ስነግረው ባንኩ ተቀብሎታል አለኝ። ከባንክ የበለጠ አውቃለሁ ማለቴ እንደሆነም ጠየቀኝ። ሰውዬው ጋ ደወልኩ። ሳቅ አለና ቀኑ በስህተት ተጽፎ ይሆናል አለ። ቀጥሎ፣ ሳልጠይቀው፣ ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን ጨመረልኝ። ቢሮው ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ተሳስቼ ከሆነ በገዛ እጄ ቤቱን ማጣቴ ነው። ዝም ብዬ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

ውሉን ልንፈርም አምስት ቀን ሲቀረን፣ ለታደለ ሥራ ገባሁ ብዬ ባቡር ተሳፈርኩና ጄኔቫ ሄድኩ። የውሉ ረቂቅ ላይ የአሮጊቷ አድራሻ ነበር፤ ግራንድ ሳኮኔ የሚባል የጄኔቫ ዳር ሰፈር።

በሩን የከፈተችልኝ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ አበሻ ናት። በአማርኛ ሰላም ስላት ፊቷ አልተፈታም። ስለ ዙሪኩ ቤት እንደመጣሁ ስነግራት በሩን ገርበብ አድርጋ «ማን ላከሽ?» አለችኝ። ይህችም የሰውዬው ሰው ናት ብዬ ደመደምኩ።

ከውስጥ አሮጊቷ ተጣሩ። በጀርመንኛ ስመልስላቸው ደስ አላቸው፤ ለካ የዙሪክ ተወላጅ ናቸው። አስገቡኝና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ዓይናቸው ደክሟል። ስለ ወረቀቱ ስጠይቃቸው ሁሉም ነገር አልቋል መባላቸውን ነገሩኝ። ደብዳቤያቸውን የሚያነብላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት ዘይነባ ትባላለች፤ አሮጊቷን የምትንከባከብ ሠራተኛ ናት። ሻይ አቀረበችና አልሄደችም።

«ጀርመንኛ ማንበብ ትችያለሽ?» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀና ሳትል።

«እችላለሁ።»

«እኔ አልችልም። ከዙሪክ የሚመጣውን ሁሉ ለእሱ ነው የምሰጠው። ባለፈው አንዱን ዓይኔ እያየ ቀደደው። የሚቀጥለውን አስቀረሁት። ደሞዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው፤ ካወቀም ይወቅ እንግዲህ።»

ሄዳ ያልተከፈተ ፖስታ አመጣችና በአሮጊቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። እሳቸውም ዳበስ ዳበስ አድርገው ለእኔ ሰጡኝ፤ እንዳነብላቸው።

ከእሳት ደህንነት ቢሮው የመጣ ደብዳቤ ነው። የጣሪያው ሥር ክፍል ሁለተኛ መውጫ የለውም፤ እስኪሠራለት ድረስ ማንም እንዳይተኛበት ይላል። አንዱን መስመር ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«እዚያ ክፍል ማን ሊተኛ ነበር?» አሉኝ።

«ልጆቼ» አልኳቸው።

ዘይነባን ስልክ እንድታቀብላቸው ጠየቋት።

ዘይነባ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘችኝ። ስለ ደብዳቤው እንድትሰልይ የላከሽ እሱ መስሎኝ ነበር አለችኝ። እኔም በር ላይ ያሰብኩትን ነገርኳት። አልሳቅንም።

ሽያጩ በዚያው ሳምንት ቆመ። ባንኩ በጣም አጭር ደብዳቤ ጻፈልን፤ ያንን ወረቀት እንዴት ሊያምነው እንደቻለ ግን አንዲት ቃል የለበትም። የሰውዬው ጉዳይ ፖሊስ ጋ ደርሷል ሲባል ሰምቻለሁ። ማኅተሙን ማን እንደሠራለት እስካሁን አላውቅም። አሮጊቷ መውጫውን አሠርተው ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጡት፤ እኛ ያን ያህል መጠበቅ አልቻልንም። ዘይነባ እዚያው እየሠራች ነው። ደሞዟን አሁን አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው የሚከፍሏት።

ታደለ ተደብቄ በመሄዴ ብዙ ጊዜ ተቀይሞኝ ነበር። አሁን ስለዚያ ቤት ሲነሳ እሱ ነው ወሬውን የሚያስቀይረው። እኔ ግን አንዳንዴ በቪዲኮን በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ያምር ነበር፤ ያንን አልክድም።

ዛሬም ያው ኪራይ ቤት ነን፤ ልጆቹም አንዲት ጠባብ ክፍል ይጋራሉ። ቤቱ ለምን እንደቀረ ሲጠይቁኝ ወረቀት ስላልተሟላ ነው ከማለት በቀር ያልኳቸው የለም። ትልቋ «ለአንድ ወረቀት ብለሽ?» እያለች እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ታኩርፈኝ።