ደጅ ጥናት በፓርክ ሂል

በስልሳ ዓመቴ በሰው አገር ደጅ ልጠና ፓርክ ሂል፣ አሠሪዬ ቤት ሄድኩ፤ አንድ ጠርሙስ ማር ይዤ። እንግዶችን ከሆቴል ኤርፖርት የምናመላልስበት ድርጅት ሹፌር ሊቀንስ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ያለዚያ ሥራ የምኖርበትን የኦሮራውን ቤት ኪራይ አልችለውም። የቀጠረኝ ማናጀሩ ስለሆነ የድርጅቱን ባለቤት በቅርብ አላውቃቸውም፤ ሽማግሌ ያገሬ ሰው መሆናቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ሲቻል ማር ተሸክሜ ቤታቸው መሄዴ የአባቴ ቤት ልማድ ነው፤ እንዲህ ነው ያደግኩት።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ማሩን አዩና "የት አገር ልጅ ነህ? የማን ልጅ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "የአባትህ ጭሰኛ ነበርኩ" አሉ።

ያኔ ፊታቸውን አስተውዬ አወቅኋቸው። አስር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ትራክተር ተከራይተው ጭሰኞቹን ማስነሳት ጀመሩ፤ ሲሶ ከመቀበል ራስ አምርቶ ገበያ መሸጥ ይሻላል ብለው። አንድ ወጣት ጭሰኛ መሬቱን እንዳይነጥቁት ሊለምን ማሰሮ ሙሉ ማር ይዞ መጣ። አባቴ ምሳ እየበሉ ነበር። "የሉም በለው" አሉኝ። ማሩን ተቀብዬ "የሉም" አልኩት። ፀሐይ እስክትጠልቅ አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። በሳምንቱ ማሳው በትራክተር ታረሰ። ማሩን እኔም በልቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ በአዋጅ ከእኛም ተወሰደ፤ ቤታችን ስለዚያ ሲያለቅስ እንጂ ያንን ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

"ግባ፣ ደጅ አትቁም" አሉኝ። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ።

"እኔ ዘንድ በማር የሚቀጠር የለም፤ በማር ከቅነሳ የሚተርፍም የለም። ሥራ ከቀዘቀዘ እንደማንኛውም ሰው ትቀነሳለህ። እስከዚያ ስኬጁልህን ቼክ እያደረግክ በሰዓቱ ና። ማሩንም ይዘህ ሂድ።"

ማሩን አነሳሁ። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ማር ይዤ የመጣሁ ቀን አባትህ የት ሄደው ነበር?"

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሥራዬ ትዝ አለኝ።

"ገበያ" አልኳቸው። "አምሽተው መጡ።"

አንገታቸውን ደፉ። "ይኸው፣ ሃምሳ ዓመት ራሴን የምወቅሰው ለዚህ ነው" አሉ። "ትንሽ ብታገሥ ኖሮ አገኛቸው ነበር።"