ለእኔ የመጣልኝ እዝን

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ተረኛ ሆኜ እዝን መጣልኝ። ዘመድ አልሞተብኝም።

አገልግሉን ተሸክመው ከቆሰበር ገበያ ማዶ በእግራቸው የመጡት እማማ አትጠገብ ናቸው። ባለቤታቸው ባለፈው ሳምንት እኔ በምሠራበት ክፍል ነው ያረፉት።

ጥቁር እንደለበሱ በር ላይ ሳያቸው ድንግጥ አልኩ። ሊወቅሱኝ የመጡ መሰለኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ፣ በገዛ ክፍሌ። «የእኔ ቤት እስከ ዛሬ ለቅሶ ደራሽ አልጎደለበትም። አንቺ ግን ያን ቀን የሽማግሌዬን ዓይን ከድነሽ፣ እንባሽን በጋዎንሽ ጠርገሽ፣ ወዲያው አጠገቡ ለተኛው መርፌ ልትወጊ ሄድሽ። ለአንቺ ማን ለቅሶ ደረሰ?»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሉኝ ጭራሽ «አሜን» አልኩ! ማጽናናት የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም እንዴ?

(ስለ ጤና ባለሙያ ደህንነት ሥልጠና ሲሰጡን «በረጅሙ ተንፍሱ» ብለውን ነበር። እስካሁን ተራ አልደረሰኝም።)

የእዝኑን ንፍሮና ዳቦ ከባልደረቦቼ ጋር ቆመን በላነው። እንደወትሮው የቀለደ የለም። አንዷ ነርስ እየበላች አለቀሰች፤ ለየትኛው በሽተኛ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

አገልግሉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ታዲያ ምን ልሙላበት? ሐዘንተኛዋ እሳቸው ናቸው ወይስ እኔ? ግራ ገብቶኛል።

እናንተ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ሐኪሞች፣ በሽተኛ ሲያርፍባችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ሰው አለ?

ከሌለ ንገሩኝ። አገልግል ይዣለሁ።